ትርጉሙን ያልጠየቅኩት ቃል

ይህን የምጽፈው አንገቱ ላይ እብጠት ዳብሶ፣ ለማንም ሳይናገር ሻርፕ ጠምጥሞ ወደ ሥራ ለሚሄድ ሰው ነው። እኔም እንደዚያ ሳደርግ ከርሜያለሁ። አስተማሪ ስለሆንኩ ማብራራት ይቀናኛል፤ ከረዘመባችሁ ታገሡኝ።

ካዛንቺስ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። እሑድ ደግሞ ቂርቆስ፣ ከቤታችን ብዙ በማይርቀው ቤተ ክርስቲያን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምራለሁ። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ጡረታ ወጥታለች። ሁለታችንም ሥርዓት እንወዳለን። የእሷ ቁም ሣጥን መዝገብ ቤት ይመስላል። የእኔ ዓመታዊ የትምህርት ዕቅድ መስከረም ላይ ተጀምሮ መስከረም ላይ ያልቃል፤ ሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ማክሰኞ ምን እንደማስተምር ያኔውኑ አውቃለሁ። አዲስ ቃል ሳስተምር ቃሉን ሰሌዳው ላይ እጽፍና ከጎኑ የእኩል ይሆናል ምልክት አድርጌ ትርጉሙን አስከትላለሁ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ያነቡታል። ጉድ ያደረገኝ ይህ ምልክት ነው።

እብጠቷን ያገኘኋት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ፀጉሬን ሰብስቤ ሳስር ከግራ ጆሮዬ በታች ሽምብራ የምታክል ነገር እጄ ላይ መጣች። ስጫናት አታምም። የማያም ነገር ምን ያስፈራል ብዬ ተውኳት። መጀመሪያ ማስጠንቀቅ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ስላላመመ ብቻ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ኅዳር ሲገባ ጠዋት ስነሣ ትራሴ በላብ ርሶ ማግኘት ጀመርኩ። ቀሚሶቼም ሰፉኝ። የሒሳብ አስተማሪው ጌትነት በመምህራን ማረፊያ ክፍል አየኝና፣ «ሜሪ፣ ዳይት ነው? በቃ እኛንም አስገቢን እንጂ! እኔ እኮ በሽሮ ብቻ ነው እንዲህ የሆንኩት» ብሎ ሆዱን መታ መታ አደረገ። ሁሉም ሣቀ። እኔም ሣቅኩ።

ቡልጋሪያ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ደም ሰጠሁ፤ ታይፎይድም ታይፈስም ተገኘብኝ። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነግጥም፤ ትኩሳት ይዞት ከክሊኒክ ያለ ታይፎይድ የተመለሰ ሰው አላውቅም። የተሰጠኝን ኪኒን ሰዓት ሳላዛንፍ ጨረስኩ። እብጠቷ ግን ባቄላ አከለች። ኡራኤል ጋ ያለ ሌላ ክሊኒክ ደግሞ ቶንሲል ነው ብሎ መርፌ ወጋኝ። እናቴ የራሷ ምርመራ ነበራት።

«ንፋስ ነው! ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር አትቀመጪ ስንቴ ልበልሽ?»

«እማ፣ ንፋስ ሁለት ወር ሙሉ አንገት ላይ አይቀመጥም።»

«አንቺ ደግሞ ሁሉን ታውቂያለሽ።»

ጠዋት ጠዋት ጠበል እያመጣች አንገቴን ታጥበኝ ነበር። እብጠቱ ማደጉን እጇ ያውቃል፤ አፏ ግን ዝም ይላል።

በዚያው ሰሞን፣ አንድ እሑድ፣ አልዓዛር ከሞተ በአራተኛው ቀን እንዴት ከመቃብር እንደተጠራ ለሕፃናቱ አስተማርኩ። መልመጃውን አዘጋጅቼዋለሁ። ስንት ቀን ቆየ? እኅቶቹ እነማን ናቸው? ሶስና የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አልዓዛር ከዚያ በኋላ ሞተ?»

አስቤበት አላውቅም። መልሱ ግልጽ ነው፤ እስከ ዛሬ በሕይወት ያለ ቢሆን በሰማን ነበር። ግን ለስምንት ዓመት ልጅ «አዎ፣ እንደገና ሞተ» ማለት አቃተኝ።

«ይህ በፈተና አይመጣም» አልኳት። ልጆቹ ሣቁ። ሶስና አልሣቀችም።

ጥር ሲገባ እብጠቱ የእርግብ እንቁላል አከለ። ከጎኑም ሁለት ትናንሽ ጨመረ። ያኔ ነው ወደ ሆስፒታል የሄድኩት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ወረፋ ይዤ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ገባሁ። ሸምገል ያሉ ሐኪም ናቸው የተቀበሉኝ፤ አጠገባቸው አንድ ወጣት ሐኪም ቆሞ ይማራል።

«ስነካው ያምሻል?»

«አያመኝም።»

«ላብ?»

«ሌሊት ሌሊት አለ።»

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«አስተማሪ ነኝ። የአማርኛ።»

«ጎበዝ» አሉና በቀጭን መርፌ ከእብጠቱ ጥቂት ቀዱ። ናሙና የሚባለው እሱ ነው፤ ላብራቶሪ ሄዶ በአጉሊ መነጽር ይታያል። ጓንታቸውን እያወለቁ ወደ ወጣቱ ዞረው፣ «የእጢ ነቀርሳ ይመስለኛል። ናሙናው ይንገረን» አሉት። ወደ እኔ ደግሞ፣ «በአምስት ቀን ውጤትሽን ትወስጃለሽ። አይዞሽ።»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። በየቀኑ ልጆቹን «ያልገባችሁን ጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም» እላለሁ። እኔ ግን ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። ለምን እጠይቃለሁ? ቃሉን አውቀዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት በራሴ እጅ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ነቀርሳ = ካንሰር። አርባ ልጆች በአንድ ድምፅ አንብበውታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያሉትን አሥራ አንድ ቀናት እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ሰው የሚፈራው ሌሊት ነው ይላሉ። እኔ የምፈራው በጠራራ ፀሐይ ነበር። ሌሊት ይደክመኝና እተኛለሁ። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ ለዕረፍት ወጥተው ግቢው ሲንጫጫ፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆን፣ ያኔ ይመጣል። ይህ ሁሉ እኔ ሳልኖርም እንዲሁ ይንጫጫል የሚል ሐሳብ ነው። የተወሳሰበ አይደለም። ሁሉም ሰው ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር፤ ግን ስለ ሌላ ሰው ነበር የማውቀው።

የስም መጥሪያዬ ላይ የአሥራ አራት ልጆች ስም ጎን «ተዛውሯል»፣ «ተዛውራለች» ብዬ ጽፌያለሁ። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ከቤተሰቦቻቸው ጋር የሄዱ ናቸው። ጠዋት ስም ስጠራ እነሱን እዘላለሁ። ከእነዚያ ቀናት ባንዱ የራሴ ስም ጎን ማን ምን እንደሚጽፍ አሰብኩና ስም ጥሪውን መጨረስ አቃተኝ። «ቲቸር፣ እኔን አልጠሩኝም» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

በአምስተኛው ቀን ውጤቴን ልወስድ ወጣሁ። ታክሲ ተሳፈርኩ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሳልወርድ አለፍኩና ሜክሲኮ ድረስ ሄድኩ። እዚያ ወርጄ፣ ከሰልፉ ኋላ ቆሜ፣ በሌላ ታክሲ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ወረቀቱን እስካላየሁ ድረስ ገና አልተወሰነም የሚል የሕፃን ስሌት ነበር። ይህን ስሕተት አትሥሩ። ወረቀቱ አነበባችሁትም አላነበባችሁትም የተጻፈው ተጽፏል።

ታዲያ ምን ሠራሁ? ዕቅድ አወጣሁ። አንድ ደብተር ገዝቼ «ለሚተካኝ መምህር» ብዬ ጀመርኩ። እስከ ሰኔ ያለውን ሳምንት በሳምንት ጻፍኩ። በጎን ማስታወሻ አከልኩ፦ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለችው ልጅ ሰሌዳው አይታያትም፤ ወደ ፊት አምጣት። ይስሐቅ ሲዋሽ ጆሮውን ይነካል። ሐና ጮክ ብላ እንድታነብ አታስገድዳት፤ ብቻዋን ጥራት፤ ታነባለች። ይህን ስጽፍ ብቻ ነው ፍርሃቱ የሚለቀኝ።

በመካከሉ እሑድ መጣ። ቅዳሴ ገባሁ። ማፈር ያለብኝ ነገር ልናገር። እኔ ስለ ዘላለም ሕይወት የማስተምር ሰው ነኝ። ጸሎተ ሃይማኖትን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ሁላችንም አብረን ስንደግም፣ መጨረሻው ላይ የሙታን መነሣት ጋ ስንደርስ፣ ድምፄ ጠፋ። ይህን ያህል ዓመት ያልኩትን ቃል ስፈልገው ከአፌ አልወጣ አለ። ከፊቴ ያሉት ሴቶች ግን አላቆሙም። ከአጠገቤ አንዲት ባልቴት በተሰነጠቀ ድምፅ «ተስፋ እናደርጋለን» ብለው ጨረሱት።

ሰዋስው አስተማሪ ስለሆንኩ ቆሜ ያሰብኩት ስለ ግሡ ነበር። «እናደርጋለን» አንደኛ መደብ ብዙ ቁጥር ነው። «አደርጋለሁ» አይልም። የዚያን ቀን እኔ ተስፋ አላደረግኩም፤ እነሱ አደረጉ፤ እኔ ግን በግሡ ውስጥ ነበርኩ። ይህ አላዳነኝም፤ ቤቴ ስደርስ እንደ ወትሮው ፈራሁ። ነገር ግን ያቺን በግሡ መጀመሪያ ያለች አንዲት «እና» አልረሳኋትም።

በአሥረኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ መነጽሯን አድርጋ፣ ደብተሬን እንደ ቢሮ ደብዳቤ በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀችኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የትምህርት ዕቅድ ነው፣ እማ።»

«‹ለሚተካኝ መምህር› ይላል እኮ። ማነው የሚተካሽ?»

ደብተሩን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠችኝም።

«ቪዛ መጣልሽ አይደል? ወይኔ! ደብቀሽኝ ልትሄጂ? ካናዳ ነው? ያቺ ጓደኛሽ ናት አይደል ፎርሙን የሞላችልሽ፣ ያቺ ለፍላፊ?»

ልሥቅ ስል ለቅሶ ቀደመኝ። «እማ፣ የትም አልሄድም። ሐኪሙ ነቀርሳ ነው አሉኝ።»

ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። ከዚያ፣ «ቃል በቃል ንገሪኝ» አለች። እናቴ ሠላሳ ዓመት ቃለ ጉባኤ የጻፈች ሴት ናት፤ ቃል በቃል ካለች ቃል በቃል ነው።

«‹የእጢ ነቀርሳ ይመስለኛል› አሉ።»

«የእጢ ነቀርሳ ነው ያሉት ወይስ ነቀርሳ?»

«ምን ለውጥ አለው?»

«ሐኪሙ ሽማግሌ ናቸው?»

«አዎ።»

«አያትሽን የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ነበር፤ እኔ ልጅ እያለሁ። ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን ኖሮ፣ አንቺን አቅፎ አይደል እንዴ የሞተው? ቲቢን እኮ ነው ድሮ እንደዚያ የምንለው! የሳንባ ነቀርሳ፣ የእጢ ነቀርሳ፣ ሁሉም ቲቢ ነው። ኧረ አንቺ ልጅ! የአማርኛ አስተማሪ ነሽ አይደል እንዴ?»

«ካንሰርም ብለው ሊሆን ይችላል እኮ» አልኩ።

«ሊሆን ይችላል» አለች። መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ደጋግማ ወለወለችው። «ነገ አብረን ሄደን እንሰማለን።»

በማግስቱ ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ እናቴ በግራዬ ተቀመጠች። በቀኜ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ነበሩ፤ የያዝኩትን ቁጥር በዓይናቸው ሰረቁና፣ «አርባ ሦስት? እኔ አርባ ሁለት ነኝ። አይዞሽ ልጄ፣ እኔን የሚያህል ከፊትሽ እያለ ምንም አይነካሽም» አሉ። እናቴ ሣቀች። ሴትዮዋ ከቦርሳቸው ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። ቁራሹን በእጄ እንደያዝኩ ገባሁ።

የተቀበለን ያ ወጣቱ ሐኪም ነበር። ወረቀቱን አየ። «ቲቢ ነው። የእጢ ቲቢ። ይድናል። የስድስት ወር መድኃኒት አለው፤ በጤና ጣቢያ በነፃ ነው የሚሰጠው።»

«ነቀርሳ ብለው ነበር» አልኩ።

«እሱ የድሮ ስሙ ነው። ጋሼ ዶክተር እንደዚያ ነው የሚሉት።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ምን መስሎሽ ነበር?»

እናቴ መለሰችለት፤ «ካናዳ ልትሄድ ነበር።»

እዚህ ላይ ላስረዳ። ቲቢ ሳንባን ብቻ የሚይዝ ይመስለን ነበር፤ እጢንም፣ አጥንትንም ይይዛል። የእኔ ሳንባ በራጅ ታይቶ ንጹሕ ስለነበር ለተማሪዎቼ አልተላለፈም፤ እናቴም ተመርምራ ነፃ ሆነች። መድኃኒቱ ሽንትን ቀይ ያደርጋል። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር አስቀድማ ባትነግረኝ ኖሮ ያን ቀን ሌላ ደብተር እገዛ ነበር። ዋናው ነገር አለማቋረጥ ነው። ሰው ሁለት ወር ወስዶ ሲሻለው ይተወዋል፤ በሽታው ያኔ ጠንክሮ ይመለሳል።

ቤት ውስጥ ግን ሰላም አልነበረም። እናቴ «ቲቢ ብለሽ ለሰው አትንገሪ፤ እጢ ነው በይ፣ በቃ» አለችኝ። እኔ ለጌትነት ነገርኩት። ሁለት ቀን ተኳረፍን። ጌትነት ግን ከዚያ ጀምሮ በየቀኑ በሻይ ሰዓት ጣቱን እንደ ዳኛ ቀስሮ፣ «ኪኒኑ ገባ?» ይለኛል። ሲያስነጥሰኝ ወንበሩን አላራቀም። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ዳንኩ ብዬ ማመን ስጀምር፣ በሦስተኛው ወር፣ በዐቢይ ጾም መካከል፣ እብጠቱ እንደገና ተነሣ። ቀላ። ፈነዳና ፈሰሰ። ሲስተሯ አየችውና፣ «አንዳንዴ ይኖራል። ሰውነትሽ ከሞተው የቲቢ ጀርም ጋር እየተጣላ ነው። መድኃኒቱን ቀጥዪ» አለችኝ። የበሽታዬን ስም አሁን አውቀዋለሁ፤ ጠይቄ ተረድቻለሁ፤ ያም ሆኖ ያ የረፋዱ ፍርሃት ተመልሶ መጣ። ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። ያስፈራኝ የቃል ስሕተት ብቻ አልነበረም። ቲቢ ባይሆን ሌላ ነገር ይሆናል፤ ዘንድሮ ባይሆን ሌላ ዓመት ይሆናል። ስሕተቱ ያሳየኝ ነገር እውነት ነበር።

ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር፣ ጥላው ላይ ተቀምጠዋል።

«አባ፣ ትንሣኤን ለልጆች አስተምራለሁ። ሞትን ግን እንዲህ እፈራለሁ። አላምንም ማለት ነው?»

«መድኃኒትሽን እየዋጥሽ ነው?»

«አዎ። እማዬ ግን አሁን ደግሞ ትተሽ ጠበል ብቻ አድርጊ ትለኛለች።»

«አይሆንም። ጠበሉንም ጠጪ፣ መድኃኒቱንም ዋጪ። ሁለቱንም የሰጠ አንድ ነው። አባ ብለዋል በያት።» መቋሚያቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ። «ጌታ አልዓዛር መቃብር ዘንድ ምን አደረገ?»

«አስነሣው።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«አለቀሰ።»

«ሊያስነሣው እያወቀ?»

«አዎ።»

«በይ ሂጂ፤ ታክሲው ሳይጨናነቅ።»

ይህን ብቻ ነው ያሉኝ። እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ።

መድኃኒቱን ሐምሌ ላይ ጨረስኩ። አንገቴ ላይ ጠባሳ አለ፤ ሻርፕ አልጠመጥምበትም። እስከ ሰኔ ያለውን ዕቅድ የሚያስተምር ተተኪ መምህር አልመጣም፤ ራሴ አስተማርኩት። ሰሌዳው ላይ «ነቀርሳ» ብዬ እንደገና ጽፌ፣ በእኩል ይሆናል ምልክቱ ፋንታ ሁለት ቀስት አወጣሁ፤ አንዱን ወደ ካንሰር፣ አንዱን ወደ ቲቢ። «ሐኪም ይህን ቃል ካለ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁ» አልኳቸው። እናንተም ጠይቁ።

ከዚያ በቀረው ክረምት፣ ዝናብ ሲጥል ባረፈደበት አንድ እሑድ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ጥቂት ልጆች ብቻ መጡ። ሶስና ከፊት ተቀምጣለች።

«ባለፈው አንድ ነገር ጠይቀሽኝ አልመለስኩልሽም» አልኳት። «አልዓዛር በኋላ ሞቷል። እንደገና።»

«ታዲያ መነሣቱ ምን ጠቀመው?»

በስድስት ወር ኪኒን ያገኘሁት ነገር የአልዓዛር ዓይነት ነው፤ ጥቂት ዓመታት ተጨመሩልኝ እንጂ ሞት አልተሰረዘልኝም። ተስፋ የምናደርገው ሌላውን ነው፤ ዳግመኛ መቃብር የሌለበትን። ይህን በስምንት ዓመት ልጅ ቋንቋ እንዴት እላለሁ?

«የመጀመሪያ ጊዜ ሲሞት ምን እንደሚገጥመው አያውቅም ነበር» አልኳት። «በሁለተኛው ጊዜ ግን ከውጭ የሚጠራውን ድምፅ ያውቀዋል። አንዴ ሰምቶታል።»

«ሁለተኛው ጊዜም ፈርቶ ነበር?»

«እኔ ብሆን እፈራለሁ» አልኩ። «እየፈራሁም ግን ጆሮዬን እጥላለሁ።»

ሶስና እስክሪብቶዋን አነሣች። «ይሄኛውስ በፈተና ይመጣል?»

«ይመጣል» አልኳት።